ከትከሻ ላይ ያለው ጥለት

ፎቶግራፍ ገና ጨቅላ ሳለ ዓይኑ ያረፈው የሰው ፊት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጨርቅም ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1830ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በብር ጨው የተነከረ ወረቀት ላይ ቁራጭ ዳንቴል አንጥፎ ፀሐይ ላይ አወጣው። ካሜራ የለ፣ ሌንስ የለ። ብርሃኑ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ወረቀቱን አጠቆረው፤ ክሩ የጋረደው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። ታልቦት ምስሉን ትንሽ ራቅ አድርጎ ለወዳጆቹ አሳያቸውና ዳንቴሉን በደንብ ይመስል እንደሆነ ጠየቃቸው። እነሱም እንዲህ በዋዛ እንደማይታለሉ፣ ይህ ሥዕል ሳይሆን ዳንቴሉ ራሱ መሆኑን ነገሩት። ይህን ጨዋታ በ1839 ጽፎት እናገኘዋለን። ከ1844 እስከ 1846 በየክፍሉ ባሳተመው፣ የፎቶግራፍ ምስል ይዘው ለገበያ ከቀረቡ መጻሕፍት ቀዳሚው በሚባለው ሥራው ውስጥም ዳንቴል ቦታ አገኘ።

ነገሩን ከዳንቴል የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ የተነባበረው የጋሞ ደጋ የጨርቅ አገር ነው። በዚህ አገር ስለ መስመርና ስለ ቅርጽ፣ ዕቃን ለብቻው አስቀምጦ ስለማንሳት፣ የሥዕል ተማሪዎች ስቲል ላይፍ ስለሚሉት ነገር ሊያወራ የተነሳ ሰው ከሸማ መነሳቱ ግድ ነው።

በዚሁ ደጋ ላይ ባለው በዶርዜ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ይቀመጣል፤ ድሩን ፊት ለፊቱ ይወጥራል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ነጩ ሜዳ በዚህ አኳኋን ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ያዘግማል። ባለቀለሙን ክር የሚያስገባው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ነው፤ ይህን ያህል ክር ያነሳል፣ ይህን ያህል ይተዋል፤ በሚቀጥለው መስመር አንድ ይጨምራል ወይም አንድ ይቀንሳል። ድርና ማግ ምንጊዜም የሚገናኙት በመስቀለኛ ስለሆነ ሸማ ላይ እውነተኛ ክብ አይገኝም። ክብ የሚመስለውን ቀርበው ቢያዩት ደረጃ ደረጃ ነው። መስቀሉ፣ ሦስት ማዕዘኑ፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዞ የሚሄደው ባለ አራት ጎን ቅርጽ ሁሉ የቆጠራ ልጆች ናቸው። ንድፍ የተሣለበት ወረቀት የለም፤ ንድፉ ያለው ጣት ላይ ነው።

ቤቱም ቢሆን ያው ነው። የዶርዜ ቤት የሚሠራው ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ ነው፤ ላዩ በእንሰት ይለበጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ይቆረጥና ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። በየጊዜው ስለሚያጥርም የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። ውስጥ ገብቶ ቀና ላለ ሰው የሚታየው ጣሪያ አይደለም፤ እየጠበበ ወደ ላይ የሚሄድ የቀርከሃ ጥልፍልፍ ነው። ጂኦሜትሪ የሚለውን ቃል ማንም ሳያነሳው ቤቱ በጂኦሜትሪ ቆሟል።

በ1890ዎቹ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የጋሞ ሸማኔ ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መጉረፍ ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ሆኑ። የደጋው ሸማኔ የመሀል አገሩን ነጠላና ጥበብ ተማረ፤ መሀል አገሩም በዶርዜ እጅ መልበስ ለመደ። በ1896 ደግሞ ጣሊያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያ ዳር ደርሶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም ማርጋሪታ ብሎ ሰየመው። የአገሩ ሰው አባያ ማለቱን አልተወም። የዚያ ዘመን መንገደኛ ሲያይ የሚያየው ስም ሊሰጠው የሚችለውን ነገር ነበር፤ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ነገድ፣ ሹም። ጥለት ስም አይወጣለትም፤ ስለዚህ አልታየም።

ካሜራውም ወደ አገራችን የገባው በዚሁ ዓይን ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 መጥቶ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ወርዶ ቶኒ ቦያጂያን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ለመሆን በቃ። በቤተ መንግሥት ፎቶዎች ላይ መሳፍንቱና ወይዛዝርቱ ሸማ ተጎናጽፈው ይቆማሉ። ዓይን የሚሄደው ወደ ፊታቸው ነው። ከትከሻ የወረደው ጥለት የምስሉ ጠርዝ ላይ፣ አንዳንዴም ከትኩረት ውጭ ሆኖ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ፎቶ የሚነሳው ሰው ነው፤ ጨርቁ አጃቢ ነው። ይህን ስል ቦያጂያኖችን መውቀሴ አይደለም፤ የተቀጠሩት ለንጉሥ እንጂ ለነጠላ አልነበረም።

ባሕር ማዶ ግን ሌላ ነገር እየተነሳ ነበር። በ1916 ክረምት አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በኮኔቲከት አንድ ቤት በረንዳ ላይ የወጥ ቤት ሳህኖችን ደራርቦ፣ ሌንሱን በጣም አስጠግቶ አነሳቸው። በምስሉ ላይ የቀሩት ቅስቶችና ጥላዎች ናቸው፤ ሳህንነታቸውን ለመለየት ዓይን ትንሽ መልፋት አለበት። በዚያው በረንዳ የአጥሩን ጥላ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ደግሞ አነሳ። ለሥራዎቹ የሰጣቸው ስም ረቂቅ የሚል ነበር። በ1930 ሌላው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን አንድ ቃሪያ በቆርቆሮ ፈነል አፍ ውስጥ አስቀምጦ ሲያነሳ፣ ቃሪያው የታጠፈ የሰው ገላ እስኪመስል ድረስ ተለወጠ።

ከእነዚህ ሁሉ ወደ እኛ ነገር የሚቀርበው በጀርመን በ1919 የተቋቋመው ባውሃውስ ነው። ትምህርት ቤቱ የሽመና ክፍል ነበረው፤ ጉንታ ሽቶልትስልና አኒ አልበርስ ከዚያ ወጡ። በ1923 ማስተማር የጀመረው ላስሎ ሞሆሊ ናጊ ደግሞ እንደ ታልቦት ያለ ካሜራ ዕቃ በወረቀት ላይ እየጣለ፣ በብርሃንና በጥላ ብቻ ቅርጽ ያወጣ ነበር። የመጠቀ የተባለው የዘመኑ ረቂቅ ፎቶግራፍና ሽመና በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል ማለት ነው። የሚገርመው፣ እዚያ ሴቶቹ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እንዳይገቡ እየተባሉ ወደ ሽመናው ይገፉ ነበር፤ ዶርዜ ውስጥ ሽመና የወንድ ነው። ባውሃውስ በ1933 በናዚዎች ጫና ተዘጋ።

ከሁለት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከዚያው ጀርመን፣ ከፍራንክፈርት፣ ዛሬ የፍሮቤኒየስ ተቋም ከሚባለው የተነሳ ቡድን ደቡብ ኢትዮጵያ ገባ። የ1934 እና 1935 ጉዞ መሪ አዶልፍ የንሰን ነበር። ከአባላቱ አንዱ አልፍ ባይርለ የሚባል ሠዓሊ ነው። የተላከው ያየውን በእርሳስና በቀለም እንዲያስቀር ነበር፤ ካሜራ ያልሸፈነውን ሠዓሊ ይሸፍናል የሚል እምነት ነበራቸው። የጣሊያን ወረራ ሲጀመር የጥናቱ በር ተዘጋ፤ ተቋሙ ተመልሶ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። የባልደረባው የሄልሙት ሽትራውበ መጽሐፍ በ1963 ሲወጣ ዶርዜ በውስጡ ነበረ።

የባይርለ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። በ1937 ልጁ ቶማስ በርሊን ተወለደ። ቶማስ ባይርለ ሲያድግ ሽመና ተማረ፤ በፋብሪካ ማሽን ላይ ሠለጠነ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ጥቃቅን ምስሎችን እልፍ ጊዜ እየደጋገመ አንድ ትልቅ ምስል የሚያወጣ ሥራ ይዞ በዓለም ታወቀ። እሱ ዘንድ እያንዳንዱ ትንሽ ምስል እንደ አንድ ክር ነው፤ ክሮቹ ሲሰባሰቡ ፊት ይሆናሉ፣ መኪና ይሆናሉ። ልጁ ከአባቱ የኢትዮጵያ ሻንጣ ጥለት ወረሰ ልል አይደለም፤ ጀርመን የራሷ ሸማኔዎች አሏት። ሆኖም አባቱ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲሥል የከረመ፣ እሱ ራሱ ሸማኔ፣ ሥራው ድርና ማግ የሆነ ሠዓሊ ሳገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንጫ ነበረች፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫው ከደጋው ወርዶ ወደ ቆላዋ አርባ ምንጭ ተዛወረ። አዲስ ከተማ ቢሮ ይፈልጋል፣ ቢሮ መታወቂያ ይፈልጋል፣ መታወቂያ ፎቶ ይፈልጋል። የክፍለ አገር ፎቶ ቤት ኑሮው ይኸው ነው፤ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያሳረፈ ተማሪ። ፎቶ ቤት ሄዶ ጀበና አንሱልኝ የሚል ሰው የለም።

በዚሁ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ1932 ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ በ1962 ተመለሰ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማሪ ሆነ። ሸራው ላይ ሰው የሌለበት፣ ታሪክ የማይነገርበት፣ ክብና መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ሲያሳይ የተመልካቹ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህ ምንድን ነው? ኢትዮጵያዊ ነውን? በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ቢያገኝም ጥያቄው አልለቀቀውም። በ1981 በስደት፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ።

ለኔ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው አዲስ አበባ አይደለም፤ ጨንጫ ዳገት ላይ ነው። ገብረ ክርስቶስን ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ታዳሚ ምናልባት ትከሻው ላይ ጥበብ ጣል አድርጎ ነበር። ጥለቱን ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ያምራል፣ አያምርም፤ ደመቀ፣ ጠቆረ፤ ለሠርግ ይሆናል፣ ለለቅሶ ይሆናል። ሕዝቡ ረቂቅ ምስልን ለዘመናት ሲያይና ሲዳኝ ኖሯል፤ ያልለመደው በምስማር ተሰቅሎ ማየትን ነው።

የትርጉምን ነገር አንድ እንግዳ ሰው ዶርዜ ውስጥ ጠለቅ አድርጎ አሰበበት። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶርዜ መካከል ኖሮ፣ ስለ ምሳሌያዊ አስተሳሰብ ያዘጋጀውን መጽሐፍ በ1974 በፈረንሳይኛ አወጣ። ከመጽሐፉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የነብሩን ነገር ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል ይላሉ። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ ከብቱን ከነብር የማይጠብቅ ዶርዜ የለም። ስፐርበር ይህን እንደ ሞኝነት አላየውም። ዶርዜዎችን ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ እያለ ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ወጋ ነው፣ ማለትም ወጋችን ነው የሚል ነበር። እሱም ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ምልክት እንደ መዝገበ ቃላት አይደለም ወደሚል አሳብ መጣ፤ ይህ ምልክት ይህን ይተረጉማል፣ ያ ያን ይተረጉማል ብሎ ቁልፍ መፈለጉ መንገድ ያስታል።

አስጎብኚዎቻችን ስፐርበርን ቢያነቡት እወዳለሁ። ዛሬ የጋሞን ዱንጉዛ፣ ያን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ልብስ የሚያይ እንግዳ ወዲያው ትርጉም ይቀርብለታል፤ ቀዩ እንዲህ ነው፣ ቢጫው እንዲያ ነው። ማብራሪያውም እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ጥቁሩ ቢጫውን እንዴት እንደሚያስነሳው፣ ቀዩ በጠበበ ቁጥር እንዴት እንደሚጮህ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው።

ደርግ መጣ፣ ሄደ።  በእነዚህ ዓመታት ፎቶግራፍ በአገራችን ከሰነድነትና ከማስታወሻነት ብዙም አልወጣም።

የተለወጠው ከ2000 ወዲህ ነው፤ ለውጡም የመጣው ከፎቶ ቤት ሳይሆን ከሥዕል ቤት ነበር። ሚካኤል ፀጋዬ በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥዕል ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የዘይት ቀለም ለሰውነቱ አልስማማ አለው፤ አለርጂ። ቀለሙን ትቶ ካሜራ ያዘ። ከሥራዎቹ እኔን የሚይዘኝ አዲስ አበባ ውስጥ በመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶዎች ያነሳበት ነው። ፀሐይና ዝናብ ፊቶቹን አጥበዋቸዋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ የቀለም እድፍ ብቻ። ጉርድ ፎቶ በዝናብ ታጥቦ ረቂቅ ምስል ሲሆን ያየሁት እዚያ ነው።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። በ2016 የሠራችው ስብስብ ስሙን ያገኘው አያቷ ይሉት ከነበረው፣ ሁላችንም ከምናውቀው አነጋገር ነው፤ ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር አትሞላም። ፎቶዎቿ ሰው አላቸው፣ ነገር ግን ሴትየዋ እንደ ዕቃ ተስተካክላ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ነጭ ወይም ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ከኋላዋ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ሜዳ፣ መስመሩ የተቆረጠ። በ2018 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዋን ሰቀለ። ግርማ በርታ ደግሞ በ2016 በስልኩ ያነሳቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከመንገዱ ቆርጦ አንድ ወጥ ቀለም ላይ ከነጥላቸው በማቆም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ፎቶ ባያነሳም ኤልያስ ስሜን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የመርካቶን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ የሚሠራቸውን ሰፋፊ ሰሌዳዎች ከሩቅ ያየ ሰው ሸማ ነው ቢል አልፈርድበትም።

አርባ ምንጭ በዚያው 2018 መስከረም በፎቶ ታወቀች። ቡራዩ ላይ ወገኖቻቸው በተገደሉ ማግስት ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ሲለምኑ የሚያሳየው ምስል አገር አዳረሰ። ያ የሰው ፎቶ ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይገባውም። በ2019 ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ዱንጉዛም ከበዓል ልብስነት አልፎ የአደባባይ መለያ ወደ መሆን ሄደ፤ ክራባት ሆነ፣ ሻርፕ ሆነ።

እንግዲህ ዛሬ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትሩን ዳገት ወደ ጨንጫ የሚወጣ ባለ ካሜራ፣ ከ1,300 ሜትር ግድም ወደ 2,700 ሜትር ሲወጣ ብርሃኑም አብሮ ይለወጥበታል። ቆላው ላይ ጥላው እንደ ምላጭ ነው፤ ደጋው ላይ ጉም ብርሃኑን ያለዝበዋል፣ ለዕቃ ፎቶ ከዚህ የተሻለ የለም። ይዞት የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ የታወቀውን ነው፤ የዝሆን ፊት የመሰለ ቤት፣ እንዝርት የያዘች ፈታይ፣ ታች ደግሞ የጫሞ አዞ።

ቁጭ ብሎ ነጠላ ለማንሳት የሞከረ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ነጩ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት ንጹሑን ነጠላ አዳፋ ያደርገዋል፤ ብርሃኑን በአንድ ወይም በሁለት እርከን ጨመር ካላደረጉለት ታጥቦ የማያውቅ ይመስላል። ሁለተኛው የሚገርም ነው። የዲጂታል ካሜራ የውስጥ ገጽ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በረድፍ የተደረደሩበት ነው፤ እሱም እንደ ሸማኔው ይቆጥራል። የካሜራው ረድፍና የሸማው ድርና ማግ መጠናቸው ተቀራርቦ ሳይገጥም ሲቀር፣ ሸማው ላይ የሌለ የማዕበል መስመር ምስሉ ላይ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም ቀስተ ደመና ይመስላል። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ማዕበሉ ይዞራል፣ ትንሽ ሲጠጉ ይጠፋል፣ ጥለቱ ብቻውን ይቀራል። ፎቶ አንሺዎች ይህን ሞይሬ ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው የውኃ ሞገድ የመሰለ ገጽ ካለው የሐር ጨርቅ ነው፣ ጨርቁም በዚህ ስም የሚጠራው ታልቦት ዳንቴሉን ፀሐይ ላይ ከማውጣቱ በፊት ጀምሮ ነው።